የላምባ ፍሪጅ ጠባቂ

ጌታን ላገልግል ብዬ ብሄድ ፍሪጅ ጠብቅ አሉኝ። እውነቴን ነው። የዚያን ቀን ንዴቴን ሳስታውሰው ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። እኔ የናዝሬት ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ገበያው ዳር በአባቴ ሱቅ ፋኖስ፣ ማሾና የላምባ ምድጃ የምጠግን ሰው ነበርኩ። ሥራ ስንፈታ ከጓደኞቼ ጋር በየሰዉ ቤት ተሰብስበን እንጸልያለን። የጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው የምንዘምረው። የኔ ድምፅ ደግሞ ዝቅ ማለት አልፈጠረበትም። "ኧረ ባክህ፣ ልታስበላን ነው እንዴ?" እያሉ በክርናቸው ይጎሽሙኛል። እኔ ግን ይህን ጉሮሮ እግዚአብሔር የሰጠኝ ለአንድ ነገር አስቦኝ ነው ብዬ አምን ነበር። ወንጌላዊ እሆናለሁ፣ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ እየዞርኩ እሰብካለሁ፣ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ይሰማኛል እያልኩ ብቻዬን አልማለሁ። ልጅነት ነዋ!

ያኔ አንድ የውጭ ሚሲዮን ናዝሬት ውስጥ መጋዘንና የእንግዳ ማረፊያ ነበረው። በስምጥ ሸለቆ ትንንሽ ከተሞች ደግሞ ክሊኒኮች ነበሩት። ሰው ይፈልጋሉ ሲባል ሰማሁና ነጭ ሸሚዜን ተኩሼ፣ መጽሐፍ ቅዱሴን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሄድኩ። እናቴ የማርያም ሰው ናት፤ ነገሩ አልተዋጠላትም። "ማተብ ያሰርኩልህ ለዚህ ነው?" አለችኝ በሩ ላይ ቆማ። "እማዬ፣ ሥራ እኮ ነው" ብያት ወጣሁ።

የተቀበሉኝ አንድ ረጅም፣ ጀርባቸው የጎበጠ፣ ወደ ስድሳ የሚጠጉ ፈረንጅ ነበሩ። በረዶ ከሚዘንብበት አገር የመጡ ናቸው። አማርኛቸው ስብርብር ያለ ቢሆንም ለማንም አንተ አይሉም፤ ለኔም እርስዎ፣ ለዘበኛውም እርስዎ፣ ለዘበኛው ውሻም እርስዎ። ስለ ጥሪዬ፣ ስለ ድምፄ፣ ስለ ወንጌል ያዘጋጀሁትን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ እጄን ያዙና መዳፌን ገልብጠው አዩት፣ ጠጋ ብለውም አሸተቱት።

"ላምባ" አሉ፣ ፊታቸው በደስታ በርቶ።

ነገሩን ቀስ ብለው አስረዱኝ። ክሊኒኮቹ ባሉበት መብራት የለም። የልጆች ክትባት ደግሞ ካልቀዘቀዘ ይሞታል። ስለዚህ በየክሊኒኩ በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ አለ፣ እሱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። በሳቅ ልሞት ነበር። እሳት ለኩሰህ ብርድ? ሽማግሌው አልሳቁም። እሳቸው ራሳቸው ባሕር ተሻግረው የመጡት ለዚሁ እንደሆነ ነገሩኝ። አስራ ምናምን ዓመት በሰው አገር ሲኖሩ አንድ ቀን እንኳ ሰብከው አያውቁም።

"ስብከቱስ?" አልኳቸው።

"ሰባኪ አለን" አሉ። "የላምባ ክር የሚቆርጥ ሰው ነው ያጣነው።"

እምቢ ብዬ ልወጣ ነበር። ግን እናቴን በዚያ ሁኔታ ተለይቼ እንዴት ባዶ እጄን ልመለስ? ትንሽ ጊዜ ልሥራና ስብከቱን ከውስጥ ሆኜ አገኘዋለሁ ብዬ ተስማማሁ።

ክሊኒኩ ያለባት ከተማ ከመቂ አልፎ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ሐይቁ ገባ ብላ ነው። ስሟን አልጠራም፤ የማወራው የራሴን ጥፋት ነው እንጂ የሷን አይደለም። አንድ ረድፍ የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ወፍጮ፣ ሁለት ሻይ ቤት፣ የቅዳሜ ገበያ፣ በቃ። ሙቀቱ ጉድ ነው። ሽማግሌው አንድ ሳምንት አብረውኝ ቆይተው ሥራውን አስተማሩኝ። ከፍሪጁ ሥር የላምባ ታንክ አለ፣ ከታንኩ ላይ ክር፣ ከኋላው ጭስ መውጫ። እሳቱ ሰማያዊና ትንሽ ከሆነ ይበርዳል። ቢጫ ከሆነ ያጨሳል፣ ካጨሰ ጭስ መውጫው በጥላሸት ይደፈናል፣ ከተደፈነ ፍሪጁ ቁም ሳጥን ሆነ ማለት ነው። ወለሉ ትንሽ ካዘነበለም ያኮርፋል። እሳቱን ለማየት ደግሞ በሆድህ ሲሚንቶው ላይ ተኝተህ ትንሽ መስታወት ከሥር ማስገባት አለብህ። በየቀኑ ጠዋትና ማታ የሙቀት መለኪያውን አይተህ ቁጥሩን ደብተር ላይ ትጽፋለህ። ቁጥሩ ከስምንት ማለፍ የለበትም።

ሽማግሌው እንዲያ ተኝተው ያዩዋቸው በሽተኞች "ፈረንጁ ለፍሪጅ ይሰግዳል" ብለው አስወሩ። እሳቸው ወደ ናዝሬት ሲመለሱ ስግደቱን እኔ ወረስኩት።

ክሊኒኩ ውስጥ ከኔ ሌላ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ኃላፊዋ፣ ሲስተር የምንላት ፈረንጅ ነርስ ናት፤ ሥራዋን የምትወድ፣ ቁጣዋ የሚያስፈራ ሴት። ሁለተኛው ቁስል የሚያጥበው፣ መርፌ የሚወጋው ድሬሰሩ ነው፤ የአርሲ ኦሮሞ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው። ጠዋት ሲገባ "አከም ቡልቴ?" ይለኛል። እንዴት አደርክ ማለቱ ነው። መልሴን ሳይጠብቅ "ፍሪጅህስ እንዴት አደረ?" ብሎ ይጨምራል። እኔም "ካንተ ይሻላል" እለዋለሁ።

እናቶች ልጆቻቸው ሲድኑላቸው የሲስተርን እጅ ይስማሉ። ለድሬሰሩ እንቁላል ያመጡለታል። እኔ ጓሮ ባለች ክፍል ከጥላሸቴ ጋር ነኝ፤ መኖሬንም የሚያውቅ የለም። ናዝሬት ስሄድ ጓደኞቼ "አገልግሎት እንዴት ነው?" ሲሉኝ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ አልፋለሁ። ፍሪጅ እጠብቃለሁ የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። አፍር ነበር። ይኸው ነው እውነቱ።

እንዲህ ሆኜ አንድ ዓመት አለፈኝ። በዚያን ጊዜ ከከተማዋ ወጥቶ ገጠር ለመከተብ ከአውራጃው የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር። ለሚሲዮን ሰው ደብዳቤ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ሲስተር ለወራት ተመላልሳ ተስፋ ቆርጣ ሳለ፣ የአውራጃው ሰዎች መጥተው ክሊኒኩን ሊያዩ ነው ተባለ። ከወደዱት ይፈርማሉ።

ሲስተር "ሻይ አፍሉላቸው" አለች።

ሻይ! በዚያ ሙቀት! ደሜ ፈላ። እኛ አገር እንግዳ በቤትህ ባለው ምርጥ ነገር ነው የሚስተናገደው። በዚያች ከተማ ደግሞ ቀዝቃዛ ነገር ያለው ቤት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የኛው ነው። ፍሪጅ ይዞ ትልቅ ሰውን በሻይ መሸኘት ነውር መስሎ ታየኝ። ደግሞ ልደብቀው አልፈልግም፣ እኔም አንድ ቀን ልታይ ብዬ ነው። ለማንም ሳልናገር አንድ ሳጥን ለስላሳ ከሻይ ቤት አመጣሁ። ፍሪጁ ትንሽ ነው፤ ሁለቱን አብሮ አይችልም። የክትባቱን ብልቃጦች አውጥቼ በረጠበ ጆንያ ጠቀለልኩና እንስራ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። እንስራ ውኃ ያቀዘቅዝ የለ? ክትባትስ ምን ይሆናል? አልኩ። ጠርሙሶቹን ደረደርኩ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ስነካቸው ገና ለብ ያሉ ናቸው። እንግዶቹ ሊደርሱ ነው። እሳት ሲጨምሩ ብርዱ የሚጨምር መስሎኝ ክሩን ወደ ላይ ሳብኩት። ያን ሁሉ ተምሬ! የሱቅ ልጅ ነኝና እሳት ከጎደለ ክር መሳብ ነው የማውቀው።

ጠርሙሶቹ እንደምንም ቀዘቀዙ። እንግዶቹ ላባቸውን እየጠረጉ ገብተው ለስላሳውን ሲይዙ ፊታቸው ፈካ። አንደኛው ጠርሙሱን ግንባሩ ላይ አስደግፎ "ይሄ ነው ልማት ማለት!" አለ። ሁሉም ሳቁ። "ማነው ያዘጋጀው?" ብሎ ጠየቀ። ሲስተር ተገርማ ወደ ጓሮ ጠቆመች። ጠሩኝ፣ ከጓሮ ወጣሁ፣ እጄን ጨበጡኝ። "ጎበዝ ጓድ!" ተባልኩ። በዚያ ግቢ ስሜ በመልካም ሲነሳ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደረቴ ሸሚዜን ሊቀድ ደረሰ። ደብዳቤው እዚያው ተፈረመ። ብልቃጦቹን ወደ ፍሪጁ መለስኩና በደስታ ሰክሬ ተኛሁ። እሳቱን አላየሁትም።

ጠዋት መስታወቱን ከሥር ሳስገባ እሳቱ ቢጫ፣ ጭስ መውጫው ድፍን። የሙቀት መለኪያው አስራ ስምንት ይላል። ጥላሸቱን ጠረግኩ፣ ክሩን ቆረጥኩ፣ እስከ ከሰዓት ድረስ እሳቱ ተመልሶ ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ ደብተሩን ከፍቼ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ አራት ብዬ ጻፍኩ።

እዚህ ላይ ራሴን ላሞኝ አልፈልግም። ጥፋቴ ለስላሳው አይደለም። ያ ሞኝነት ነው፣ ሞኝነት ደግሞ ይማሩበታል። ጥፋቴ አራት ብዬ መጻፌ ነው። ብልቃጥ ሲያዩት አይታወቅም፤ የሞተውም ያልሞተውም አንድ መልክ ነው ያለው። ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ምናልባት አልተበላሸም ይሆናል አልኩ ለራሴ። ለሲስተር ብነግራት ደብዳቤው በተፈረመ ማግስት ሥራው ሊቆም ነው። ያ "ጎበዝ" የተባልኩት ነገርም በአንድ ቀን አፈር ሊበላ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደ ገጠር ወጣን። የገበሬ ማኅበሩ ከትልቅ ግራር ሥር ሕዝቡን ሰብስቦ ጠበቀን። ክትባቱ ያለበትን የበረዶ ሳጥን የያዝኩት እኔ ነኝ። እናቶች ተሰልፈው ልጆቻቸውን ያስወጋሉ፣ ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ሲስተር ከሰልፉ ወደ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ ወደ ሰልፉ ትላለች። ከሰልፉ መካከል አንዲት ቀጭን ሴት ነበረች፤ ዓመት ያልሞላው ልጅ በጀርባዋ አዝላለች። ድሬሰሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ይቺን አየሃት? በአንድ ሳምንት ሁለት ልጅ በኩፍኝ የቀበረች ናት። ያለው ይሄ ብቻ ነው" አለኝ። ያለ ወትሮው አልቀለደም።

ተራዋ ሲደርስ ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ በሁለት እጇ ለሲስተር አቀበለችው። ተወጋ፣ አለቀሰ። እሷ ሳቀች። ሁለት ልጅ የቀበረች ሴት እንዲያ ስትስቅ አይቼ አላውቅም። የሲስተርን እጅ ሳመች፣ የድሬሰሩን እጅ ሳመች፣ ከዚያ መንገዷ ላይ ስለነበርኩ የኔንም ሳመች። አሁን ተናገር፣ አሁን ተናገር ይለኛል ልቤ። ያ ለስብከት ያሰብኩት ጉሮሮ ለዚህ አልሆነኝም። ቀጣዩን ብልቃጥ ከሳጥኑ አውጥቼ ለሲስተር አቀበልኳት።

አምስት ቀን እንደዚያ ሆኜ ሰነበትኩ። ልጸልይ ስንበረከክ የማያት እሷን ነው። ድሬሰሩ "ፍሪጅህ ነው የታመመው ወይስ አንተ?" ሲለኝ ትቼው ወደ ጓሮ ገባሁ። ቅዳሜ ላምባ ለማምጣት ሽንኩርት በጫነ መኪና ወደ ናዝሬት ሄድኩ። ሽማግሌው በመጋዘኑ ግቢ አንድ የሚያፈስ ታንክ ይበይዱ ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ለስላሳውን፣ ክሩን፣ አስራ ስምንቱን፣ አራቱን።

መበየጃውን አስቀመጡ። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። ቢጮኹብኝ በተሻለኝ።

"ስንት ልጆች ናቸው?" አሉ።

"አርባ አንድ።"

የላምባ ጀሪካን ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ "እኔ ከኢትዮጵያ በፊት ሌላ አገር ነበርኩ። እዚያ አንድ ፍሪጅ ሞተብኝ። ለማንም አልተናገርኩም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ኩፍኝ መጣ።"

እኚህ ሰው ጀርባቸው እየታመመ፣ በሰው አገር፣ በየክሊኒኩ ሲሚንቶ ላይ በሆዳቸው የሚተኙት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አንድ ዓመት ሙሉ የናቅኩት ሥራ የሰው ሕይወት ኖሯል! እንባዬ መጣ፤ አላፈርኩበትም።

"ለሲስተር እርስዎ ይነግሯታል" አሉኝ ተነሥተው። "እኔ አልነግርልዎትም። ክትባቱን ግን አመጣለሁ።" በዚያው እጃቸውን እንኳ በቅጡ ሳይታጠቡ ላንድሮቨሩን አስነሥተው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ሰኞ አዲስ ክትባት በበረዶ ይዘው ሲመለሱ አብረን ወደ ክሊኒኩ ወረድን።

ለሲስተር ሁሉንም ራሴ ነገርኳት። ሲወራ የምሰማውን ቁጣዋን ሁሉ ያን ቀን አየሁት። በአማርኛ ጀምራ በቋንቋዋ ጨረሰችው። ደብተሩን ወርውራ "ውጣልኝ!" አለችኝ። ወጣሁ። ትንሽ ቆይታ ጓሮ ድረስ መጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

"ለእናቶቹ የምትነግራቸው አንተ ነህ" አለች። "ቆመህ። ጮክ ብለህ።"

በማግስቱ ከግራሩ ሥር ቆምኩ። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። ስንት ጊዜ ያለምኩት ነገር! ድሬሰሩ እያስተረጎመልኝ ተናገርኩ። ባለፈው ልጆቻችሁ የተወጉት የሞተ መድኃኒት ነው፣ ሲስተር ጥፋት የለባትም፣ የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ለእንግዳ ለስላሳ ላቀዘቅዝ ብዬ ነው። አንድ ሽማግሌ ከመካከል ተነሥተው "ለመጠጥ ብለህ?" አሉኝ። "አዎ አባቴ፣ ለመጠጥ ብዬ" አልኩ። አንዳንዱ ተቆጣ፣ አንዳንዱ እያየኝ ራሱን ነቀነቀ። አንዲት አሮጊት አጠገቤ መሬት ላይ እትፍ አሉ። ቢሆንም ልጆቹን አመጡ። ሲስተር ስም እየጠራች አርባ ልጅ እንደገና ተወጋ።

አንድ ቀረ። የዚያች ሴት ልጅ ነው። ባሏ ከብቶቹን ይዞ ሣር ፍለጋ ሲሄድ እሷ ወደ ወላጆቿ ቤት፣ ወደ አርሲ በኩል ከፍ ወዳለው አገር ወጥታለች አሉን። እዚያ ደግሞ ኩፍኝ ገብቷል የሚል ወሬ ነበረ። ሲስተር ሌላ ሥራ ነበረባት። "እኔ እሄዳለሁ" አልኩ። ድሬሰሩ ለአንድ ጊዜ እንኳ ሳይቀልድ ቦርሳውን አነሣ።

ሽማግሌው መንገድ እስካለበት ድረስ በመኪና አደረሱን። ከዚያ በእግር ነው። በረዶው የሚቆየው አንድ ቀን ብቻ ነው። ሳጥኑን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ፀሐይ እንዳያገኘው ጋቢዬን ከላዩ ደርቤ ሄድኩ። ድሬሰሩ "ልቀበልህ?" ሲለኝ እምቢ አልኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን መንገድ ላይ የምሰብከውን አዘጋጅ ነበር። ያን ቀን ያሰብኩት ስለ በረዶው ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ሸክሜን አውርጄ ክዳኑን ነካሁ፤ አልከፈትኩትም።

ቤቱን ስናገኘው ቀኑ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተጠግቷል። ከቁልቋሉ አጥር ውስጥ ልጁ አቧራ ላይ ቁጭ ብሎ ይጫወታል። ደህና ነው። እናቱ ከጎጆ ወጥታ ስታየን ተደናገጠች። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ አጎዛ አነጠፈችልን፣ ውኃ አመጣችልን። ባለፈው እጄን እንደሳመች አስታወሰችኝ። ውኃውን ሳልቀምስ ነገርኳት። ድሬሰሩ ቃል በቃል ተረጎመላት፤ አላለሳለሰልኝም፣ እኔም እንዲያለሳልስልኝ አልፈለግኩም።

ልጁን ከመሬት አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ፊቷ ላይ ምን እንዳለ ለማየት ድፍረት አጣሁ።

"ይሄኛውስ?" አለች በመጨረሻ ሳጥኑን እያየች። "በሕይወት አለ?"

"አለ" አልኩ።

"ማን ነው የጠበቀው?"

ምን ልበላት? ድሬሰሩ አየኝ። የሽማግሌውን ስም ብጠራ፣ የሲስተርን ብጠራ ይቀለኝ ነበር። ውሸት ግን ከዚያች ደብተር በኋላ ጠልቼዋለሁ።

"እኔ" አልኳት።

ወደኔ ዞራ አየችኝ። ከዚያ ለድሬሰሩ እንዲህ አለችው፤ ሲያስተረጉምልኝ ድምፁ ተሰበረ፦ "ሁለቱ ልጆቼ ሲሞቱ ምክንያቱን ሊነግረኝ የመጣ ሰው የለም። ይሄ መጥቷል። ውጋው።" የልጁን ክንድ ራሷ ይዛ ዘረጋች።

ድሬሰሩ ክዳኑን ሲከፍተው በረዶው ገና ግማሹ አልቀለጠም ነበር።

ከወር በኋላ ኩፍኙ በዚያ በኩል አየለ። እኛ የምንሰማው በመንገደኛ አፍ ነው፤ እዚህ ቤት ገባ፣ እዚያ ቤት ገባ ይላሉ። ስለዚያ ልጅ የሚያውቅ ግን አልነበረም። እኔ ጓሮዬ ነኝ። ጠዋት እሳቱን አያለሁ፣ የሙቀት መለኪያውን አያለሁ፣ ያለውን ቁጥር እጽፋለሁ። ናዝሬት ስሄድ ጓደኞቼ "አገልግሎት እንዴት ነው?" ሲሉኝ "ፍሪጅ ነው የምጠብቀው" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ስለዚያ ልጅ ግን ለማንም አላወራም፤ የሚመጣውን ወሬ እፈራው ነበር።

አንድ የገበያ ቀን የልጁ እናት ወንድም ጮጮ ሙሉ እርጎ ተሸክሞ ክሊኒኩ በር ላይ ቆመ። ሲስተር ለሷ መስሏት በሁለት እጇ ልትቀበል ስትል ሰውየው ሸሸግ አደረገውና ለድሬሰሩ የሆነ ነገር ተናገረ። ድሬሰሩ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ዓይኑን ጠረገ፣ ከዚያ በመስኮቱ በኩል ጓሮ ድረስ ጮኸ፦

"ና ውጣ አንተ! ልጁ ከኩፍኙ ድኗል። እርጎውን ለማንም እንዳትሰጥ፣ ክትባቱን ላበላሸው ሰውዬ በእጁ ስጥልኝ ብላዋለች!"